ድሪቶው በመኪና የታጠበ ዕለት

እንዳላማው ልብስ አጣቢ ነበር። አጣቢ ስላችሁ ደግሞ ከንፈር እንዳትመጡለት! በዚያ ዘመን በጎጃም አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሰፋም፣ አታጥብም፤ መርፌውም እንዶዱም የወንድ ነው። ያውም እንዳላማው እንደ ማንም አጣቢ አልነበረም። የእንዶዱን ፍሬ ወቅጦ፣ ልብሱን ከድንጋይ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ መርገጥ ሲጀምር ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ያዩት ነበር። «እንዳላማው የረገጠው ነጠላ ገና ከሸማኔ እጅ የወጣ ይመስላል» ይባልለት ነበር በደብረ ኤልያስ ገበያ። እሱም ይህንን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ጢሙን ያሻል።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት ግን ሰውየው ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ያውም ወድዶ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በሐምሌ፣ «አርበኛ አሳድራችኋል» ብለው መንደሩን አነደዱበት። እሱና ሚስቱ የብርጓል ሳምንት ሙሉ ከዋርካ ሥር አደሩ። የአራት ወር ወንድ ልጅ ነበራቸው። እሳቱ አልነካውም፤ ብርዱ ነው የወሰደው። የሚያለብሱት ነገር አልነበራቸውማ! የብርጓል ከዚያ ወዲያ ስለ እሳቱ አንድ ቀን አውርታ አታውቅም፤ ስለ ብርዱ ግን ታወራለች።

ዝናቡ ሲያባራ ከአመዱ መሀል የተረፈ የተረፈውን ጨርቅ ለቀመች። የአማቷ የበርኖስ ቁራጭ፣ የሠርግ ቀሚሷ ጥለት፣ ግማሹ የነደደ ጋቢ፣ የልጁ ማዘያ፣ ሌላም ሌላም፤ አንድም ሙሉ ነገር የለበት። እንዳላማው መርፌ ለምኖ ሁለት ወር ሙሉ ሲቀጣጥል፣ ሲደራርብ ከርሞ በአራት ድርብ ሰፋው። እንግዲህ ድሪቶ የሚባለው ይኸው ነው። ሰው ድሪቶ ለብሶ መታየት ያፍራል፤ የብርጓል ግን አላፈረችበትም። ዳግመኛ ስታረግዝ እየደባበሰችው «ይኼኛውን ልጄን አይበርደውም» አለች። እንዳላማው ይህንን ሲሰማ ወደ ውጭ ወጥቶ ትንሽ አለቀሰ።

ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ያስጠጓቸው እትዬ ሸሪፋ ናቸው። ከገበያው ዳር ጨው የሚቸረችሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ከሚሸጡት ጨው ይብሳል። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ጎጆ ሰጧቸው። «ኪራዩን ሲኖራችሁ ትሰጡኛላችሁ፤ እስኪኖራችሁ ድረስ ግን ስድቤን ትችላላችሁ» አሉ። ይኸው ነው ውሉ።

እንዳላማው ሥራ ያገኘው ከጣሊያኖቹ ምሽግ፣ የወታደር ልብስ ከሚታጠብበት ቤት ነው። ለጠላት ያጥባል ብላችሁ ትፈርዱበት ይሆናል። ፍረዱ! እሱም በራሱ ላይ ሲፈርድ ነው የሚውለው። ሆድ ግን ፍርዱ እስኪነበብ አይጠብቅም። በዚያ ቤት በእግሩ የሚረግጥ ሰው የለም፤ መኪና ነው የሚያጥበው። የብረት ሣጥን ነው፤ በውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ትልቅ በርሜል አለ። ከሥር እሳት ይነድዳል፣ ውሃው ይፈላል፣ ከጎን ያለው ሞተር በቆዳ ጠፍር በርሜሉን ያሽከረክረዋል። የቆሸሸው ውሃ ከታች ባለው ቧንቧ ይወጣል፤ ከቧንቧው አፍ ላይ ደግሞ ማጥለያ ወንፊት አለ። እንዳላማው የመጀመሪያ ቀን ሲያየው አማተበ። በወሩ ግን የመኪናውን ጠባይ ከሚስቱ ጠባይ እኩል አወቀው።

የመኪናው አዛዥ አንድ ወፍራም የጣሊያን አስር አለቃ ነበር። ሠራተኞቹ «ሻለቃ ሳሙና» ይሉታል፤ እሱ ግን አያውቅም። አማርኛው ከገበያ የለቀመው ነው፤ «እሺ»፣ «የለም»፣ «ቶሎ»፣ «እንቁላል ስንት ነው»፣ ከዚህ አያልፍም። ከሁሉ አብልጦ የሚወድደው መኪናውን ነው፤ ከመኪናው ቀጥሎ የምሳ እንቅልፉን።

አንድ ሕግ ነበረች፤ የአገሬው ሰው ጨርቅ ወደ መኪናው አይቀርብም። ምክንያት አላት። በግንቦት አወቀ የሚባል እሳት አንዳጅ የተቦጫጨቀ የኮርቻ ጨርቅ «እግረ መንገዱን ይታጠብልኝ» ብሎ ወረወረበት። ጨርቁ ክሩን ተፋ፤ ክሩ የማጥለያውን ወንፊት ደፈነው፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ገነፈለ፤ በርሜሉ ሲንገዳገድ ጠፍሩ ተበጠሰ። «ሆን ብለህ ነው፤ የአርበኛ እጅ አለበት» ተባለ አወቀ። ጀርባው እስኪላጥ ገረፉት፤ ከእስር ቤትም ገና አልወጣም። የምሽጉ አዛዥ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ «ሁለተኛ ይህንን መኪና የሚያበላሽ ይሰቀላል» አለ። ሲምል ደግሞ ሐሰት አያውቅም፤ ሁላቸውም አይተዋል።

በሰኔ ከተማው ተስቦ ገባበት። የብርጓልም ታመመች፤ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና አሥራ ሁለት ቀን በትኩሳት ነደደች። እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች። ተስቦ ደግሞ መንገዱ ቅማል ነው፤ ድሪቶውም በየስፌቱ ቅማል ሞላው። በሐምሌ አጋማሽ፣ ሰኞ ዕለት፣ የጣሊያን የጤና ሹም ከአስተርጓሚና ከሁለት ባንዳ ጋር ሰፈሩን እየዞረ መጣ። ድሪቶውን በብትሩ ጫፍ አንሥቶ አየና ወርውሮት ተናገረ።

«ሐሙስ እመለሳለሁ ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ግማሽ ሰዓት በሚንተከተክ ውሃ ተቀቅሎ ካላገኘሁት ከደጃፋችሁ ላይ አቃጥለዋለሁ ይላል። ለሰፈሩ ሁሉ ነው የተነገረው።»

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእትዬ ሸሪፋ ትልቁ ድስት የድሪቶውን አንድ ማዕዘን እንኳ አይችልም። ጨሞጋ እንዳይወስዱት ወንዙ በሐምሌ ጭቃ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ቅማልን ያርሳል እንጂ አይገድልም። ፈትቶ በየቁራጩ እንዳይቀቅሉት ሁለት ወር የተሰፋ ነገር በሦስት ቀን ተፈትቶ፣ ተቀቅሎ፣ ተሰፍቶ? የብርጓል ደግሞ ዛሬ ነገ የምትባል ሴት ናት። ጋቢ ገዝቶ መተካት የማይታሰብ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ጥጥ ከገበያ ጠፍቷል።

«ትልቅ ድስት ያለህ እኮ አንተ ነህ» አሉ እትዬ ሸሪፋ ከበራቸው ላይ ቆመው።

«እኔ? የት አባቱ ያለ ድስት?»

«ምሽጉ ውስጥ! ቀኑን ሙሉ ስታነድበት የምትውለው የማን ድስት ነው?»

«ኧረ በማርያም! እትዬ ሸሪፋ፣ አንገቴን ጠልተውታል?»

«አንገትህንማ ምን አደረገኝ ብዬ እጠላዋለሁ። የሚመጣው ልጅ በምን እንደሚጠቀለል ብትነግረኝ ዝም እላለሁ።»

የብርጓል ከውስጥ ሰምታለች። «ተወው፣ ይቃጠል» አለች። «አንተን አጥቼ ድሪቶ ምን ይሠራልኛል?» ይህንን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጇ ግን ድሪቶውን ይዞ አልለቀቀም፤ እንዳላማው ያየው እጇን ነው። እሱ ሌላ ነገር ሳያስብ «አጥበዋለሁ» የሚል ቃል ወጣው።

ግን ሰውየው ሞኝ አልነበረም። አወቀን ያስገረፈው ጨርቅ ሳይሆን የጨርቁ ክር እንደ ሆነ ያውቃል። ማክሰኞ ከሥራ እንደ ተመለሰ ድሪቶውን ከደጅ አውጥቶ አራገፈው፣ በዱላ ደበደበው፣ የተንጠለጠለውን ክር እየለቀመ ቆረጠ፣ የላላውን ጠርዝ መልሶ ጠቀመ። ከዚያም ከእትዬ ሸሪፋ ሁለት ባዶ የዱቄት ከረጢት ለመነ። ጆንያ አይሆንም፤ ጆንያ ራሱ ቃጫ ይተፋል፤ የዱቄት ከረጢት ግን ሽመናው ጠበቅ ያለ ነው። ሁለቱን ገጥሞ አንድ ትልቅ ከረጢት አደረጋቸው። ድሪቶው እዚያ ውስጥ ገብቶ አፉ ከተሰፋ፣ ክሩ ቢበጠስም እዚያው ይቀራል እንጂ ወንፊት አይደፍንም።

«ክብደቱስ?» አለች የብርጓል። «ሲረጥብ እኮ በሬ ነው።»

«አህያ ስንጭን ምን እናደርጋለን? ባንድ ጎን ብቻ ከጫንንባት ትወድቃለች። በወዲያ በኩል የወታደር ብርድ ልብስ እከትበትና አመዛዝነዋለሁ። በርሜሉ አህያ ነው በይ።»

«አንተ ደግሞ!» ብላ ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ረቡዕ ማለዳ ማርቆስን ተሳልሞ ሲመለስ ድሪቶው ታጥፎ ጠበቀው። ጊዜ አልነበረውም፤ እንደ ታጠፈ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው፣ አፉን ሰፋው። ከታችኛው ሰፈር የወታደሩን እድፍ ልብስ በአህያ የሚያመጣው እሱ ስለ ሆነ ከረጢቱን ከመሀል ጨምሮ ምሽጉ በር ደረሰ። ዘበኛው ገለጥ አድርጎ አየና ከሽታው የተነሣ አፍንጫውን ይዞ አሳለፈው። የወታደር ካልሲ አንዳንድ ጊዜ ውለታ ይውላል።

ቀትር ላይ ጣሊያኖቹ በሉ፤ ተኙ። ሻለቃ ሳሙና ከቤቱ ጥግ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ጫማውን አወለቀ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፣ ማንኮራፋት ጀመረ። ከምሳ በኋላ ልብስ እየነከረ መኪናውን የሚጠብቀው እንዳላማው ብቻ ነበር። «የማርቆስ አምላክ፣ አንገቴን አደራ» አለና ከረጢቱን በአንድ ወገን፣ ሁለት ብርድ ልብስ በሌላው ወገን ከተተ። በሩን ዘጋ፣ ውሃውን ለቀቀ፣ እሳቱን ጨመረ። ውሃው ሲንተከተክ ሞተሩን ለቀቀው።

በርሜሉ ዞረ። ወዲህም አላለ፣ ወዲያም አላለ፤ ሚዛኑ ልክ ነበር። ማጥለያውን ጎንበስ ብሎ አየው፤ አንዲት ክር የለችበትም። እንዳላማው ደረቱ ነፋ አለ። «ይኸውልህ፣ ሰው በእጁ ብቻ መሰለህ የሚያጥበው? በጭንቅላትም ይታጠባል» አለ ለራሱ። አይ የሰው ልጅ! ትንሽ ሲቀናው መፎከር ይወድዳል።

አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሄደ ከመኪናው በር ጠርዝ ነጭ ነገር ብቅ አለ። መጀመሪያ እንፋሎት መሰለው። ከዚያ ወረደ። ከዚያ ከላይም ወጣ፣ ከጎንም ወጣ፣ ከቧንቧውም ወጣ። አረፋ ነው! እንዳላማው በጣቱ ነክቶ አሸተተው። ሽታውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እንዶድ ነበር።

የብርጓል ናት! እሱ ማርቆስን ሊሳለም በሄደባት ሰዓት፣ ባሏን ልርዳው ብላ፣ የተወቀጠ እንዶድ ከየድርቡ መሀል ነስንሳ፣ አሽታ፣ አጥፋ አስቀምጣለት ኖሯል። እንዶድ ያልነካው ልብስ ታጠበ ይባላል? በእኛ አገር አይባልም። አጥባ ስለማታውቅ ደግሞ ልኩን አታውቅም፤ ለአንድ ነጠላ ቁንጥር ሲበቃ፣ እሷ በእፍኝ በእፍኝ ነው የጨመረችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ማለት ይኼ ነው። ሲያንቁ ደግሞ ባሏን ነው የሚያንቁት!

ጉድ ፈላ! በወንዝ ቢሆን አረፋው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ እዚህ ግን በርሜሉ በዞረ ቁጥር እየናጠ ይጨምረዋል። እንዳላማው ሞተሩን አቆመ፤ የሚፈላው ውሃ ግን አላቆመም፣ አረፋውም አላቆመም። ወለሉን ሞላው፣ ደፉን ተሻግሮ ወጣና ቀስ እያለ ወደ ሻለቃ ሳሙና እግር ይሄድ ጀመር። ውሃ ቢጨምርበት ይብስበታል። በሩን ቢከፍተው ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። እግሬ አውጪኝ ብሎ ቢሮጥ ዘበኛው በር ላይ ነው፤ ከረጢቱም መኪናው ውስጥ ነው። «አበቃልኝ» አለ። የታየው ገመዱ አልነበረም፤ የታየው የብርጓል ከዋርካው ሥር ልጇን በባዶ ክንዷ ይዛ ነው።

እሷን ሲያስብ ነው አጣቢነቱ የተመለሰለት። እንዶድ ምን ይፈራል? ቅቤ ይፈራል! ቅቤ የጠገበ የሴት ሻሽ ስንት ዓመት አስቸግሮታል፤ የፈለገውን ያህል እንዶድ ቢያፈስበት አረፋ አያነሣም። ቅቤ፣ ቅባት፣ ስብ! ከዚህ ቤት ቅቤ ከየት ይምጣ? ዓይኑ ሲንከራተት ከሞተሩ ጎን ካለች ጣሳ ላይ አረፈ። ሻለቃ ሳሙና የቆዳው ጠፍር እንዳይደርቅ በየሳምንቱ የሚቀባው የበሬ ሞራ ነበር።

ዘልሎ አነሣት። ሳሙና በሚጨመርበት በላይኛው ክዳን በኩል እፍኝ ሙሉ ሞራ ወረወረ፤ ደገመ። የፈላው ውሃ ሞራውን ወዲያው አቀለጠው። አረፋው መጀመሪያ ቆመ። ከዚያ ፍስስ እያለ፣ ከእሳት እንደ ወረደ ወተት፣ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እንዳላማው ጣሳዋን እንደ ታቀፈ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ቀና ሲል ሻለቃ ሳሙና ከበሩ ላይ ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አረፋ ነው።

«ምን?» አለ። ዓይኑ ፈጥጧል።

ዋሽቶ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልነበረም። እንዳላማው ተነሣና ባለችው ቃልና በእጁ ነገረው። ከረጢቱን አሳየው፣ የሚስቱን ሆድ በእጁ ሠራለት፣ የሚቃጠል እሳት ሠራለት፣ «ሐሙስ» አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማጥለያውን አወጣለት። «ይዩት ጌታው፤ መኪናው አልተነካም።»

ሰውየው ማጥለያውን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው። አንድም ክር የለም። በርሜሉን በእጁ ገፋው፤ እንደ ልቡ ዞረ። ጠፍሩን ዳበሰ። ከዚያ አንገቱን መዝዞ ወደ ምሽጉ አዛዥ መስኮት አየ። መስኮቱ ገና ዝግ ነው። ግቢው ግን ነጭ ነው! አዛዡ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይህንን ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መኪናውን ማን እየጠበቀው ነበር?» ብሎ ነው። ሻለቃ ሳሙና መጥረጊያ አነሣ። ሌላ መጥረጊያ ለእንዳላማው ወረወረለት። «ቶሎ!» አለ። «ቶሎ፣ ቶሎ!»

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አረፋውን ወደ ቦዩ ጠረጉ። አዘነለት ብላችሁ እንዳታመሰግኑት፤ ለራሱ ፈርቶ ነው። ይሁን! ፍርሃትም አንዳንድ ቀን ጽድቅ ይሠራል።

ግቢው ሲጠራ ሻለቃ ሳሙና የመኪናውን በር ሊከፍትና ከረጢቱን አውጥቶ ሊጥል እጁን ዘረጋ። እንዳላማው ምን እንደ ነካው አይታወቅም፤ እጁን ያዘው። የጣሊያን እጅ ያዘ! «ግማሽ ሰዓት አልሞላም» አለ። የሰውየውን የእጅ ሰዓት በጣቱ ነካ፣ አሥር ጣቱን ዘረጋ፣ አጥፎ ደግሞ ዘረጋ። ሻለቃ ሳሙና ተቆጣ፤ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። ሆዱንም ያዘ፤ ሳቅ አይሉት ሳል ከውስጡ ወጣ። «ቬንቲ» አለ፣ በቋንቋው ሃያ ማለቱ ነው፣ እሱም አሥር ጣቱን ሁለት ጊዜ ዘርግቶ። እሳቱን ራሱ ጨመረበት።

ማታ ከታጠበው የወታደር ልብስ መሀል ከምሽጉ የወጣው ድሪቶ በእትዬ ሸሪፋ ምድጃ ዙሪያ፣ በሦስት ወንበር ላይ ተዘርግቶ እየጨሰ ደረቀ። ከረጢቱ ሲፈታ ከሥሩ እፍኝ ሙሉ ክርና ብጣሽ ተገኘ። እንዳላማው ያንን እፍኝ አይቶ ላብ አጠመቀው፤ ወንፊቱ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዛሬ የሚሰፋው ከፈኑ ነበር።

«እንዶዱስ ረዳህ?» አለች የብርጓል በኩራት።

«እንዴታ» አለ እንዳላማው። «አረፋው ራሱ ይመሰክራል።» እውነቱን ሲነግራት ግን አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ «አፈር ስሆን ይቅር በለኝ» አለች። እትዬ ሸሪፋ ደግሞ «ለዚህ ነው የወንድ ሥራ ለወንድ የሚተወው» ብለው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

ሐሙስ ማለዳ የጤና ሹሙ መጣ። በዝናቡ ውስጥ ከየቤቱ የወጣ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ተርከፍክፎ ይነድዳል፤ የሰፈሩ ሴቶች ዋይታ ይሰማል። እንዳላማው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ቀቀላችሁ ወይ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ቀቅለናል።»

«በምን? ይህንን የሚያህል ነገር የሚችል ድስት አሳዩኝ ይላል።»

ይኼኔ ነው ያልታሰበው ጉድጓድ የተገኘው። ድሪቶውን ለማትረፍ በመኪናው ነው ማለት አለበት፤ በመኪናው ነው ካለ ደግሞ ይሰቀላል። እትዬ ሸሪፋ «በዚህ በርሜል ነው!» ብለው ከክዳኑ ሥር ያለውን የዝናብ በርሜል አሳዩ። ሹሙ በርሜሉን አየ፤ ጥላሸት የሌለበት ቀዝቃዛ በርሜል ነው። ራሱን ነቀነቀና ለባንዳዎቹ ምልክት ሰጠ። ባንዳው ወደ ጎጆው ገባ።

እንዳላማው ዓይኑን ጨፈነ። በልቡ ሁለቱን መዘናቸው፤ አንገቱንና የልጁን ሙቀት። ብዙም አልቆየም። «ጌታዬ፣ እውነቱን ልናገር» ብሎ አፉን ከፈተ።

ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ባንዳው ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። «ምጥ ይዟታል!» አለ። «ሴትዮዋ ምጥ ይዟታል፤ ድሪቶውን ተጠቅልላዋለች፣ አትለቅም!»

እትዬ ሸሪፋ ሁሉንም ገፍትረው ገቡ። ሹሙም ተከትሎ ገባ፤ ለካ ሐኪም ኖሯል። የብርጓል መሬት ላይ ተጋድማ ድሪቶውን እስከ አገጯ ስባዋለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ ግን ደርቋል። «ካቃጠላችሁት ከነነፍሴ አቃጥሉኝ» አለች። «አንዱን ልጄን በብርድ ገድላችኋል። ይኼኛውን አልሰጣችሁም።»

አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመውም።

ሹሙ ተንበረከከ። የድሪቶውን ጠርዝ ገልብጦ ስፌቱን በመርፌ ከፈተ፤ ከኪሱ መነጽር አውጥቶ አየ። ሌላ ስፌት ከፈተ፤ ሦስተኛ ከፈተ። ቅማሉ አለ፤ ግን ደርቆ፣ ነጥቶ፣ ሲነኩት ይረግፋል። አፍንጫውንም አስጠግቶ አሸተተው። የምሽጉን የልብስ ቤት ሽታ ማወቁን ፊቱ ያሳብቅ ነበር፤ ቀና ብሎ እንዳላማውን አንድ ጊዜ አየው። ያን ጊዜ በዓይን የተባባሉትን ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ተነሥቶ ከበሩ መቃን ላይ በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት አሰመረና ወጣ።

«የተቀቀለ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው ለባንዳዎቹ። ሹሙ ግን አንድ ቃል አልተናገረም ነበር።

እንዳላማው ከደጅ፣ ከዝናቡ ውስጥ ቀረ። ቀትር ሆነ፤ አለፈ። ከጎጆው የሚወጣው የብርጓል ድምፅ እየደከመ ሲሄድ የማርያምን ስም እየጠራ ምሰሶውን ያዘ። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ድምፅ መጣ። እልልታው ተከተለ። ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት፤ እንዳላማው በጣቱ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን አልጠበቀም፤ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ።

እትዬ ሸሪፋ በሩን በክርናቸው ገፍተው ወጡ። እጃቸው ላይ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ እንዳላማው ልጁ መስላው እጁን ዘረጋ። ድሪቶው ነበር። ከዳር እስከ ዳር በደምና በውሃ ርሷል።

«ልጅህ እናቷ ደረት ላይ ናት፤ በእኔ ጋቢ ጠቅልያታለሁ፣ ትሞቃለች» አሉ። «ጋቢዬን ግን አልሰጥህም፤ እስከ ማታ ብቻ ነው። በል እንግዲህ አጣቢው፣ እንኳን ደስ ያለህ! ይኼ እንደ ገና ሊታጠብ ነው።»

እንዳላማው ድሪቶውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከብዶታል፤ ሞቋል። ዕንባው ከዝናቡ ጋር ጢሙ ላይ እየወረደ ይስቃል። «ይምጣ እትዬ ሸሪፋ!» አለ። «ቅማል አይደለ፣ ተስቦ አይደለ፤ የልጄ ደም ነው! ነገም ታርስብኝ፣ ከነገ ወዲያም ታርስብኝ፤ አጥባለሁ!» ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበና ከጎጆው ጀርባ ወዳለው ምንጭ ሮጠ።